ሴፕሲስ የያዘው ሕመምተኛ ወዴት እያመራ ነው? የደም ጠቋሚዎችን አወዳድሮ ለመምረጥ

ሁለት ሕመምተኞች ጎን ለጎን ተኝተዋል እንበል። ሁለቱንም የሳንባ ምች ይዟቸዋል፤ የሁለቱም ትኩሳት 39 ዲግሪ ነው፤ የሁለቱም የላይኛው የደም ግፊት 105 ነው። ሲነጋ አንደኛው ትራስ ተደግፎ ያወራል፤ ሁለተኛው በመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዘ ነው። ልዩነታቸውን ማታውኑ ሊነግረን የሚችል ነገር በደማቸው ውስጥ ነበረ? ብዙ ጊዜ፣ አዎ፣ ነበረ። የሚያስቸግረው የትኛውን ምርመራ፣ በስንት ሰዓት፣ ለየትኛው ውሳኔ ብለን እንደምናዝ መለየቱ ነው። ይህን የጻፍኩት በድንገተኛ ክፍል፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍልና በላቦራቶሪ ለሚሠሩ ባልደረቦች ነው፤ የቤተሰባቸው ሰው ታሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የጨነቃቸውም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሴፕሲስ ኢንፌክሽኑ ራሱ አይደለም። ሰውነት ኢንፌክሽኑን ለመመከት የጀመረው ምላሽ ልጓሙን በጥሶ የገዛ ኩላሊቱን፣ ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ ልቡንና አንጎሉን መጉዳት ሲጀምር ነው ሴፕሲስ የምንለው። በ2016 የወጣው «ሴፕሲስ 3» የተባለው ብያኔ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ኢንፌክሽን ይዞት «ሶፋ» በተባለው የአካላት ጉዳት መመዘኛ 2 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ የጨመረ ሰው ሴፕሲስ አለበት፤ ሆስፒታል ውስጥ የመሞት ዕድሉም 10 በመቶ ገደማ ነው። በቂ ፈሳሽ ተሰጥቶት እንኳ አማካይ የደም ግፊቱን 65 ላይ ለማቆየት የግፊት መድኃኒት ያስፈለገውና ላክቴቱ (ሕዋሳት ስኳር ሲያፈርሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር) ከ2 ሚሊሞል በሊትር በላይ የሆነ ደግሞ ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ ነው፤ የመሞት ዕድሉ ከ40 በመቶ ያልፋል። በ2017 በዓለም ዙሪያ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በሴፕሲስ እንደታመሙ፣ ከሴፕሲስ ጋር በተያያዘም 11 ሚሊዮን እንደሞቱ ተገምቷል። በዚያ ዓመት ከሞቱት ከአምስቱ አንዱ ያህል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ በሽታ ተመራማሪን አያስተኛም። በ2020 የታተመ አንድ ቅኝት ከ5,367 ጥናቶች 258 ዓይነት የሴፕሲስ ባዮማርከሮችን (የበሽታ ጠቋሚዎችን) ለቅሟል። ከእነዚህ ውስጥ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ በየዕለቱ የሚሠራባቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዚያ ምርመራው

«የትኛው ባዮማርከር ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ እንዲሁ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ለምኑ ነው የሚሻለው? ሕመምተኛው ገና እንደደረሰ «ዛሬ ሌሊት የት ይተኛ?» ብለን እንጠይቃለን። ሕክምና ከተጀመረ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ «እየሠራለት ነው ወይ?» እንላለን። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን «አንቲባዮቲኩን ማቆም እችላለሁ?» የሚለው ይመጣል። ሳምንት አልፎት አሁንም ያልተነሣ ሰው ሲሆን ደግሞ «መከላከያው ተዳክሞ ለሌላ ኢንፌክሽን ተጋልጧል ወይ?» ብለን እንሰጋለን። አራት ጥያቄዎች ናቸው፤ አንድ ምርመራ አራቱንም አይመልስም።

ሌላም መደባለቅ አለ። «ይህ ሰው ሴፕሲስ አለበት ወይ?» እና «ይህ ሰው ይተርፋል ወይ?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የባክቴሪያ ኢንፌክሽንን ከሌላው በመለየት የተመሰገነ ምርመራ የሕመምተኛውን መጨረሻ በመተንበይ ደካማ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የማነጻጽረው በዋናነት ሁለተኛውን ጥያቄ ይዤ ነው።

ላክቴት ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ላክቴትን ነው። በደም ጋዝ መለኪያ ወይም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል፤ ውጤቱም ያንኑ ሰዓት ውሳኔ ይቀይራል።

ላክቴት ሕዋሳት ስኳርን ሲያፈርሱ የሚወጣ ነው። ድሮ ከፍ ማለቱ የኦክስጅን እጥረት ምልክት ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ ነገሩ ሰፋ ያለ እንደሆነ እናውቃለን፤ በሴፕሲስ ጊዜ ሰውነት የሚረጨው አድሬናሊን ኦክስጅን እያለም ስኳር በፍጥነት እንዲፈርስ ያደርጋል፣ ላክቴትን ከደም የሚያነሣው ጉበትም ሥራው ይዘገያል። ስለዚህ ከፍ ያለ ላክቴት «ሰውነቱ ከባድ ጭንቅ ውስጥ ነው» ይላል እንጂ ጭንቁ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

ከ2 በታች እንደ ደህና ይቆጠራል፤ ከ2 እስከ 4 ያለው ዓይን ሳይነቀል መከታተልን ይጠይቃል፤ 4 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግፊቱ ደህና ቢመስልም አደጋ ላይ ነው። በመግቢያዬ ካነሣኋቸው ሁለት ሕመምተኞች የአንደኛው ላክቴት 1.4፣ የሌላኛው 4.6 ቢሆን፣ ሁለተኛውን በአንድ ዓይነት ግፊት ተታልዬ ተራ ክፍል አላስተኛውም። ላቦራቶሪው በሚሊግራም በዴሲሊትር የሚጽፍ ከሆነ 18 ማለት 2፣ 36 ማለት 4 መሆኑ ይታወስ። በአሃድ መሳሳት ቀላል ነው፤ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም።

የላክቴት ዋናው ጥቅም ሁለተኛው ልኬት ላይ ነው። መጀመሪያ ከ2 በላይ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ከ5.0 ወደ 3.5 የወረደ ሰው 30 በመቶ ቀንሶለታል፣ መንገዱን ይዟል። ከ5.0 ወደ 5.4 የወጣ ሰው ደግሞ አንድ ያላገኘነው ነገር አለ ማለት ነው፦ ያልተፈሳ መግል፣ የተሰጠው አንቲባዮቲክ የማይነካው ባክቴሪያ፣ የሚደማ ቦታ፣ የታፈነ አንጀት። በ2004 የወጣ ጥናት በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት 10 በመቶ የቀነሰላቸው የተሻለ እንደተረፉ አሳየ። በ2010 ደግሞ በ300 ሕመምተኞች የተደረገ ሙከራ ሕክምናን በላክቴት መቀነስ መምራት በማዕከላዊ ደም ሥር ካቴተር የሚለካውን የኦክስጅን መጠን ተከትሎ ከመምራት እንደማያንስ አረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከልቤ ነው። ላክቴት ገና አልወረደም ብሎ ፈሳሽ ላይ ፈሳሽ መጨመር ሰው ይጎዳል። በ2019 የታተመው «አንድሮሜዳ ሾክ» የተባለ ሙከራ 424 የሴፕቲክ ሾክ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ቡድን በላክቴት፣ ሌላኛውን ጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ደም ለመመለስ በሚፈጅበት ጊዜ ተመርቶ አከመ። በ28 ቀን ውስጥ በጣት ከተመሩት 34.9 በመቶ፣ በላክቴት ከተመሩት 43.4 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ለጥቂት አልጸናም፤ ቢሆንም ጣቱ ሞቆ ደሙ ቶሎ የሚመለስለትን ሰው ለቁጥሩ ሲባል በፈሳሽ ማጥለቅለቅ እንደማያስፈልግ ለእኔ በቂ ትምህርት ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታም ያ ጣት አለ።

ላክቴትን የሚያሳስቱ ነገሮች ጥቂት አይደሉም። በደም ሥር የሚሰጥ አድሬናሊን፣ ለአስም የሚሰጥ ሳልቡታሞል፣ ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው የሚወስደው ሜትፎርሚን (የስኳር በሽታ መድኃኒት)፣ የጉበት በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት፣ ገና ያበቃ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም ያስነሡታል። ናሙናውም ራሱ ያሳስታል። ከደም ሥር የወጣ ደም ቱቦው ውስጥም ስኳር መብላቱን አይተውም፤ ስለዚህ ፍሎራይድ ባለበት ግራጫ ክዳን ቱቦ መወሰድ ወይም በበረዶ ተይዞ ወዲያው መለካት አለበት። ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የቆየ ተራ ቱቦ የሚሰጠው ቁጥር የሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን የቱቦውም ነው። ከክንድ ደም ሥር የተወሰደ ላክቴት ደህና ከሆነ ከፍተኛ የደም ወሳጅ (አርተሪ) ላክቴት የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ሁለቱ ስለማይገጥሙ ከደም ወሳጅ ተወስዶ ቢረጋገጥ ይሻላል።

ደህና የሆነ ላክቴትም ዋስትና አይደለም። «ሴፕሲስ 3» ሲዘጋጅ በተደረገው ትንተና የግፊት መድኃኒት አስፈልጓቸው ላክቴታቸው ከ2 ያልበለጠ ሕመምተኞችም 30 በመቶ ያህሉ ሞተዋል።

አስቀድሞ በእጃችን ያለው

አዲስ ምርመራ ከመፈለግ በፊት ተራው የደም ምርመራ ወረቀት ቢነበብ ደስ ይለኛል። ፕላትሌት (ደም የሚያረጉ ሕዋሳት)፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ጠቋሚ) እና ቢሊሩቢን (የጉበት ጠቋሚ) የሶፋ ነጥብ ከሚሰላባቸው ስድስት መለኪያዎች ሦስቱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውጤታቸው አስቀድሞ ደርሷል። ፕላትሌት ከ150 ሺህ ሲያንስ 1 ነጥብ፣ ከ100 ሺህ ሲያንስ 2፣ ከ50 ሺህ ሲያንስ 3 ይሰጣል። እኔ ከነጥቡ ይልቅ አቅጣጫውን አያለሁ። ትናንት 260 ሺህ የነበረ ዛሬ 155 ሺህ ቢሆን በነጥቡ ገና ዜሮ ነው፤ ለእኔ ግን የደም መርጋት ሥርዓቱ እየተናጋ መሆኑን የሚናገር መጥፎ ዜና ነው። ክሬቲኒን ደግሞ ዘግይቶ የሚናገር ጠቋሚ ነው፤ ኩላሊቱ ከተጎዳ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው በደንብ የሚታየው። የሽንት መጠን ቀድሞት ይነግረናል።

ነጭ የደም ሕዋሳት ሲቆጠሩ ብዙ ሰው አጠቃላዩን አይቶ ያልፋል። ከነጭ ሕዋሳቱ አንዱ ዓይነት የሆነውን ሊምፎሳይቱን ይመልከቱ። በ2014 የታተመ ጥናት ባክቴሪያ በደማቸው የተገኘባቸውን 335 ሕመምተኞች ተከታትሎ በአራተኛው ቀን ሊምፎሳይታቸው በማይክሮሊትር ከ600 ያልበለጠ ሰዎች በቅርብም በሩቅም ጊዜ ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳይቷል። ይህ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ያው ወረቀት ላይ አለ።

ፕሮካልሲቶኒን ለሦስተኛውና ለአራተኛው ቀን

ፕሮካልሲቶኒን 116 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ነው። በጤና ጊዜ ታይሮይድ ውስጥ ይሠራና ወደ ካልሲቶኒን ሆርሞን ይቀየራል፤ ደም ውስጥ የሚገኘው ከምንም አይቆጠርም። ባክቴሪያ ሲገባ ግን ጉበቱም፣ ሳንባውም፣ ስቡም ማምረት ይጀምራሉ። ከኢንፌክሽን ጋር ያለው ግንኙነት በ1993 ከታወቀ ወዲህ እንደ እሱ የተጠና የሴፕሲስ ጠቋሚ ጥቂት ነው። ኢንፌክሽን በገባ በሰዓታት ውስጥ ይነሣል፣ አንድ ቀን ሳይሞላ ከፍታው ላይ ይደርሳል፣ ምንጩ ሲዘጋ ደግሞ በየ24 ሰዓቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህ የመቀነስ ፍጥነቱ ነው ዋጋ የሚሰጠው። በየማለዳው አንዴ ተለክቶ የትግሉን አቅጣጫ ያሳያል።

የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ብቻውን ግን ደካማ ተንባይ ነው። በኩላሊት ኢንፌክሽን ግራም ኔጋቲቭ የሚባለው ዓይነት ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ የገባ ሰው ፕሮካልሲቶኒኑ በጣም ከፍ ብሎ በሦስተኛው ቀን ድኖ ሊወጣ ይችላል፤ 2 ናኖግራም በሚሊሊትር ያለው ሌላ ሰው ሊሞት ይችላል። በአሜሪካ 13 ማዕከላት ተደርጎ በ2017 የታተመው «ሞሰስ» የተባለ ጥናት መልሱን ከአራት ቀን ለውጥ ላይ ፈለገው። እስከ አራተኛው ቀን ፕሮካልሲቶኒናቸው ከ80 በመቶ በላይ ከወረደላቸው በ28 ቀን ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ካልወረደላቸው 20 በመቶ ያህሉ ሞቱ። እጥፍ ልዩነት ነው። ሆኖም ካልወረደላቸው ከአምስቱ አራቱ መትረፋቸውን ልብ ይሏል።

አንቲባዮቲክ ለማቆም ፕሮካልሲቶኒንን የሚስተካከል የለም። በኔዘርላንድስ 1,575 ሕመምተኞች የተሳተፉበት በ2016 የታተመ ሙከራ ቁጥሩ ከከፍታው 80 በመቶ ሲወርድ ወይም 0.5 ሲደርስ አንቲባዮቲክ እንዲቆም መከረ። የመድኃኒቱ ጊዜ ከ7 ቀን ወደ 5 ቀን አጠረ፤ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱትም 20 በመቶ ያህል ሆኑ፣ በተለመደው አሠራር ግን 25 በመቶ ነበሩ። በ2024 መጨረሻ የወጣው የብሪታንያው «አዳፕት ሴፕሲስ» 2,760 ሰዎችን ይዞ በተመሳሳይ መንገድ ፕሮካልሲቶኒን አንቲባዮቲክን በአንድ ቀን ያህል በደህና እንደሚያሳጥር አረጋገጠ። ለመጀመር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያ ለመጀመር ፕሮካልሲቶኒን እንዳይጠበቅ ይመክራል፤ ለማቆም ግን ትክክለኛው የቀን ብዛት ግልጽ በማይሆንበት ጊዜ ይደግፈዋል። ሕክምናን ለማጠናከር መጠቀምም አልሠራም። በዴንማርክ 1,200 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሕይወት አላተረፈም፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚቆዩበትን ጊዜ ግን አስረዘመ።

ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ አደጋ፣ ቃጠሎ፣ የልብ ሾክ፣ የኩላሊት መድከምና ከባድ ወባ ፕሮካልሲቶኒንን ያስነሡታል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ያለ ምንም ኢንፌክሽን ከፍ ይልበታል። መግሉ በአንድ ቦታ የታጠረ ሰው ደግሞ ዝቅ ብሎ ሊያዘናጋን ይችላል።

ሲአርፒ፣ አንጋፋውና ርካሹ

ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ ሁላችንም እንደለመድነው ሲአርፒ፣ በ1930 የተገኘ ነው። ሳንባ ምች አምጪው ባክቴሪያ ላይ ካለው «ሲ» ከሚባል የስኳር ሰንሰለት ጋር ስለሚጣበቅ ነው ስሙን ያገኘው። ጉበት ያመርተዋል፤ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆነው መነሣት ይጀምራል፣ ከፍታው ላይ የሚደርሰው ግን በሁለተኛው ቀን ነው። ምርቱ ሲቆም በ19 ሰዓት በግማሽ ይወርዳል። በድንገተኛ ክፍል ገና አሁን የታመመ ሰው ሲአርፒ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ምንም ሊያጽናናን አይገባም፤ ምናልባት ገና አልደረሰም።

የመጀመሪያው ቀን ሲአርፒ ማን እንደሚሞት በመለየት ደካማ ነው። ከ100 ሚሊግራም በሊትር በላይ የሆነ ሰው በአማካይ ይበልጥ የታመመ ነው፤ ይሁንና ቀዶ ሕክምና፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ካንሰርም ከዚያ በላይ ያደርሱታል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን መውረድ አለመውረዱ ግን ዋጋ አለው። ፕሮካልሲቶኒን በሌለበት ቦታ የምመክረው ይህንን ነው፦ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው መለካት። ባይወርድ፣ ያልተፈሳ መግል ወይም የተሳሳተ አንቲባዮቲክ መፈለግ። አንቲባዮቲክ ማሳጠሪያ አድርጎ መጠቀሙ ግን በ«አዳፕት ሴፕሲስ» አልተሳካም፤ በሲአርፒ የተመሩት የወሰዱት ቀን ከተለመደው አላነሰም። ቶሲሊዙማብ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) የተሰጠው ሰው ሲአርፒው በመድኃኒቱ ይታፈናል፤ ጉበቱ የደከመም እንዲሁ በበቂ ላያነሣው ይችላል። አሃዱንም እንይ፤ 10 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 100 ሚሊግራም በሊትር ነው።

ሌሎቹ፣ አለፍ አለፍ እያልን

ኢንተርሉኪን 6፣ የመከላከያ ሕዋሳት የሚለቁት የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን፣ ከሁሉም ይቀድማል፤ በሰዓታት ውስጥ ይነሣል፣ ቶሎም ይወርዳል። በ2004 በታተመ 2,634 ሰዎች የተሳተፉበት የመድኃኒት ሙከራ ከ1,000 ፒኮግራም በሚሊሊትር በላይ ሆነው መድኃኒቱን ካልወሰዱት ግማሽ የሚጠጉት ሲሞቱ፣ ከዚያ በታች ከሆኑት ከ30 በመቶ ያነሱ ሞተዋል። ክብደትን ይለያል ማለት ነው። ቀዶ ሕክምናና አደጋም ግን ያስነሡታል፤ ከሰዓት ወደ ሰዓትም ስለሚዋዥቅ አንድ ልኬት ላይ መደገፍ ያስቸግራል። ፈጣን መለኪያ ባለበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ጥሩ ነው፤ ውጤቱ በማግሥቱ የሚመጣ ከሆነ ግን አይታዘዝ።

በትንበያ በኩል ከአዲሶቹ ተስፋ የሚሰጠኝ አድሬኖሜዱሊን ነው። በ1993 የተገኘ፣ የደም ሥሮችን የሚያሰፋና የግድግዳቸውን ጥብቀት የሚጠብቅ ሆርሞን ነው። ራሱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር አብሮ የሚቆረጠውንና የሚበረክተውን መካከለኛ ቁራጭ እንለካለን። በ2018 በታተመ የ1,089 ሕመምተኞች ትንተና 2.75 ናኖሞል በሊትርና ከዚያ በታች የሆኑት ዝቅተኛ፣ ከ10.9 በላይ የሆኑት ከፍተኛ የመሞት ዕድል ነበራቸው፤ ከፕሮካልሲቶኒንና ከላክቴትም በተሻለ ለይቷል። ደሙ ባክቴሪያ እንዳለበት አይነግርም፤ የደም ሥሩ ምን ያህል እንደተጎዳ ነው የሚናገረው። ኩላሊት ሲደክም ግን በራሱ ከፍ ይላል፤ መለኪያውም በየላቦራቶሪው አይገኝም።

ፕሪሴፕሲንና ሱፓር የሚባሉትም አሉ። ፕሪሴፕሲን ሞኖሳይቶች (ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ዓይነት) ባክቴሪያ ሲይዙ የሚለቁት ቁራጭ ሲሆን ቶሎ ይነሣል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ግን ለመተርጎም ያስቸግራል። ሱፓር፣ እሱም ደም ውስጥ የሚለካ የብግነት ጠቋሚ ፕሮቲን፣ በጠቅላላው በጠና የታመመን ሰው ካልጠናበት ይለያል፣ ሴፕሲስን ከሌላው አይለይም። ከእነዚህ ሁለቱ አንዱን ለመግዛት የሚያስብ ላቦራቶሪ ካለ፣ ገንዘቡን ላክቴት በ24 ሰዓት እንዲሠራ ቢያውለው እመርጣለሁ።

አራተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ሞኖሳይቶች ላይ የሚታየው ኤችኤልኤ-ዲአር የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን ነው። ሴፕሲስ ከመጀመሪያው እሳት በኋላ መከላከያውን ያደክማል። በአንድ ሕዋስ ከ8,000 በታች ከሆነና በዚያው ከቆየ ሰውየው ለሁለተኛ ኢንፌክሽን ተጋልጧል። ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባል ሕዋሳትን አንድ በአንድ የሚለካ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ናሙናውም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሠራት አለበት። ለአብዛኞቻችን ሊምፎሳይት መቁጠር ነው የሚቀርበን።

ስለ ልጆች በአጭሩ፦ የትልቅ ሰው ድንበር ለልጅ አይሠራም። በ2024 የወጣው የሕፃናት ሴፕሲስ መመዘኛ፣ «ፊኒክስ» የሚባለው፣ ለላክቴት ነጥብ መስጠት የሚጀምረው ከ5 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ ከ11 ጀምሮ ደግሞ 2 ነጥብ ይሰጣል።

ቁጥሩ ስንቱን ያሳስታል?

የአዲስ ባዮማርከር ጽሑፍ ሲወጣ «ኤዩሲ» የሚባል መለኪያ ይዞ ይመጣል። 0.5 ማለት ሳንቲም እንደ መወርወር፣ 1 ማለት ፍጹም ነው። 0.80 ሲባል የሚያስደንቅ ይመስላል። እስቲ ሰዎችን እንቁጠር። 100 የሴፕሲስ ሕመምተኞች አሉ፤ 10 ይሞታሉ። ምርመራችን ከሚሞቱት 80 በመቶውን፣ ከሚተርፉትም 80 በመቶውን በትክክል ይለያል እንበል። ከ10ሩ ሟቾች 8ቱን ይይዛል። ከ90ዎቹ ተራፊዎች ግን 18ቱን «ይሞታሉ» ይላል። ስለዚህ «ይሞታል» ከተባሉት 26 ሰዎች 18ቱ ይድናሉ፤ «ደህና ነው» ከተባሉት 74 ደግሞ 2ቱ ይሞታሉ። ይህን ስሌት ለራሴ ደጋግሜ እሠራዋለሁ፤ ምክንያቱም በአንድ ቁጥር ምክንያት የጽኑ ሕሙማን አልጋ የተነፈገ ወይም ሕክምናው የላላበት ሰው እንዲኖር አልፈልግም። ባዮማርከር ትኩረትን ወደ አንድ ሰው ለመጨመር ይዋል፤ ከማንም ላይ ለመቀነስ አይዋል።

ከዚህም ሌላ የምጠይቀው ነገር አለ፦ አዲሱ ምርመራ ዕድሜ፣ የትንፋሽ ብዛት፣ የንቃት ሁኔታና ሶፋ ከነገሩን ላይ ምን ጨመረ? ብዙዎቹ ብቻቸውን ሲፈተኑ ያበራሉ፤ ከእነዚህ ጋር ሲደመሩ ግን የሚጨምሩት ትንሽ ነው።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ?

ላቦራቶሪው ውስን በሆነበት ቦታ፦ የደም ግፊት፣ የትንፋሽ ብዛት፣ ንቃት፣ የጣት ደም መመለሻ ጊዜ፣ የሽንት መጠን፤ ከተገኘ የእጅ ላክቴት፤ ከዚያ ሙሉ የደም ቆጠራና ክሬቲኒን። በዚህ ብቻ አብዛኛው ውሳኔ ይወሰናል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ የሚሠራ ባልደረባ «ዘመናዊው ምርመራ የለኝም» ብሎ አይዘን።

ድንገተኛ ክፍሉ የተሟላ ከሆነ፦ ላክቴት ወዲያው፣ ከ2 በላይ ከሆነ ድጋሚ፤ ከመጀመሪያው የደም ናሙና ጋር ፕሮካልሲቶኒን ወይም ሲአርፒ መነሻ እንዲሆን። ሁለቱንም በአንድ ላይ በየቀኑ ማዘዝ አያስፈልግም፤ አንዱን መርጦ እሱን መከታተል ይሻላል። ውጤቱ እስኪመጣ አንቲባዮቲክ አይዘግይ፤ ሾክ ውስጥ ላለ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲሆን፦ ላክቴት እስኪስተካከል፣ ሶፋ በየቀኑ፣ ፕሮካልሲቶኒን በየማለዳው ወይም በየሁለት ቀኑ አንቲባዮቲክ እስኪቆም፣ ሊምፎሳይት በአራተኛው ቀን። ኩላሊቱ የደከመና የዲያሊሲስ ሕመምተኛ ከሆነ የፕሮካልሲቶኒንን መቶኛ ለውጥ እንጂ ድንበሩን አልከተልም። ጉበቱ የደከመ ከሆነ ላክቴት ቀስ ብሎ እንደሚወርድ አስቀድሜ እጠብቃለሁ። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከፍታ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን እንደገና መነሣቱን እፈራለሁ።

የታዘዘ ምርመራ ውጤቱን የሚያይ ሰው ካልተመደበለት አለመታዘዙ ይሻላል። ሌሊት 9 ሰዓት የወጣ የላክቴት 6.1 ውጤት እስከ ጠዋት ማንም ሳያየው ቢያድር፣ መሣሪያው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሕመምተኛውን አልጠቀመም። ላቦራቶሪው ከ4 በላይ ሲሆን ስልክ እንዲደውል፣ የሚያነሣውም ሰው ስሙ በግድግዳ እንዲለጠፍ ማድረግ ምንም የማያስወጣ ትልቅ ሥራ ነው።

ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ «ስንት ሆነ?» ሲል ደግሞ ቁጥሩን ብቻ ጥሎ መሄድ ያማል። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «ማታ ሲመጣ 4.6 ነበር፤ አሁን 3.1 ሆኗል። መድኃኒቱን እየተቀበለ ይመስላል፤ ገና አልወጣም። 4 ሰዓት ላይ እንደገና እንለካለን፤ ከ2 በታች እንዲሆን ነው የምንጠብቀው። ሽንቱንም እናያለን። ልክ እንደታወቀ መጥቼ እነግራችኋለሁ።» ከዚያም በ4 ሰዓት እመለሳለሁ።